ቧንቧው ሳይጠገን ፊልሙ አለቀ፦ የወሲብ ፊልም ለምን ብዙ ሴት አይማርክም?

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ሞላው፤ ምላሹም 34 ደርሷል። ዘግይተው የገቡ ሰዎች ከየት እንጀምር እያሉ ስላስቸገሩኝ፣ የተባለውን ሁሉ በራሴ አነጋገር ላውጋችሁ። የማንንም ቃል አልገለብጥም። አንዳንዱ ሰው እዚህ የጻፈውን ለትዳር ጓደኛውም አልነገረም። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

መነሻው እንዲህ ነው። እኔና ባለቤቴ በትዳር ስምንት ዓመት ሆነን። ሁለት ልጆች አሉን፤ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ባለቤቴ ፈራ ተባ እያለ አብረን የወሲብ ፊልም እንይ አለኝ። እሺ አልኩት። ፊልሙ ተጀመረ። ሴትዮዋ ቧንቧ ተበላሽቶባት ሠራተኛ ትጠራለች። ሰውዬው የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ገባ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ልብስ የሚባል ነገር የለም። የእኔ ዓይን ግን ቧንቧው ላይ ቀረ። ውሃው ይንጠባጠባል። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። የእኛም ቤት የወጥ ቤት ቧንቧ ማንጠባጠብ ከጀመረ ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። ሳቄ መጣ። እኔ ደግሞ አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አልችልም። ባለቤቴ ቅር ብሎት ዘጋው። ከዚያ ምኑ እንደማይጥመኝ ጠየቀኝ፤ መልስ አጣሁ።

አፍሬ ነው? አላፈርኩም። ተጸይፌ ነው? እሱም አይደለም። ስሜት የለኝም እንዳልል አለኝ። ስለዚህ ወደ እናንተ መጣሁ። በየስልኩ የሞላው፣ ለሁሉም ሰው ተብሎ የሚለቀቀው የወሲብ ፊልም፣ ለእኔና ለማውቃቸው ብዙ ሴቶች ለምንድን ነው ምንም የማይለን? ጥያቄዬ ይኸው ነበር።

1ኛው ምላሽ በአራት ደቂቃ ደረሰ። የፊልሙን ሊንክ ላኪ ነው የሚለው። 7፣ 14፣ 20 እና 33ም እንዲሁ ናቸው። እነሱን አውጥታችሁ ቁጠሩት።

2ኛው በዕድሜ ጠና ያሉ አባት ናቸው። በትህትና ነው የጻፉት። ሁዳዴ መግባቱን አስታወሱን። እንዲህ ያለ ወሬ በጾም ቀርቶ በፍስክም ለአደባባይ አይበቃም፤ የባልና የሚስት ነገር የሚያምረው በጓዳ ነው አሉ። 3ኛዋ አክብሮቷን ሳትጥል፣ በጓዳ ቢወራማ መች እዚህ እንመጣ ነበር ብላ መለሰችላቸው። እሳቸውም ዝም አሉ። እኔ ተቀይመው የወጡ መስሎኝ ነበር።

4ኛው የታወቀውን አመጣ። ወንድ በዓይኑ፣ ሴት በጆሮዋ ነው የምትወደው። ተፈጥሮ ነው፣ በቃ፣ ምን ያከራክራል ዓይነት። በጥናት የተረጋገጠ ነው ብሎም ጨመረበት። የትኛው ጥናት እንደሆነ አልነገረንም።

5ኛዋ አውሮፓ ያለች የሥነ ልቦና ተማሪ ናት። ጥናትማ አለ፣ የሚለው ግን ሌላ ነው አለች። በ1994 ኤለን ላን የተባለች የኔዘርላንድ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችውን ነገረችን። ለሴቶች ሁለት ዓይነት የወሲብ ፊልም አሳዩአቸው። አንዱን በተለመደው መንገድ ወንድ ነው የሠራው። ሌላውን የሠራችው ሴት ናት፣ ለሴት ተመልካች ብላ። ሴቶቹ ሲያዩ ብልታቸው አካባቢ ያለውን የደም ፍሰት የሚለካ መሣሪያ ነበር። ሲጨርሱ ደግሞ ምን እንደተሰማቸው ተጠየቁ። መሣሪያው በሁለቱ ፊልሞች መካከል ልዩነት አላገኘም። ሰውነት ለሁለቱም እኩል መልሷል። ሴቶቹ ሲጠየቁ ግን ስሜታቸውን የቀሰቀሰው የሴቷ ፊልም እንደሆነ ተናገሩ። የወንዱ ፊልም በበለጠ ያመጣባቸው እፍረትን፣ ጥፋተኝነትንና መጸየፍን ነው።

እዚህ ላይ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ አሰብኩ። ሴት በዓይኗ አትነካም የሚባለው ነገር እዚህ ጋ ወደቀብኝ። ዓይናችን ይሠራል። ሰውነታችንም ይሠራል። ያን ቅዳሜ የሳቅኩት ስሜት አጥቼ ሳይሆን ፊልሙን ታዝቤው ነው።

6ኛው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። እውነተኛ ቧንቧ ሠራተኛ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሲሠራ 19 ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን በፎጣ ወጥታ በር የከፈተችለት ሴት አንድም የለችም አለ። ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው የሚጮህ ውሻና ዋጋው በዛ የሚል አባወራ ነው። በሙያው ላይ ሙድ የሚይዙ ጓደኞቹ ስላሰለቹት እነዚህን ፊልሞች ጠምዶ ይዟቸዋል። ሲጨርስ ግን ስለ ቧንቧዬ ጠየቀኝ። የሚያንጠባጥበው ከአፉ ከሆነ ጎሚኒው አልቋል፤ ውሃውን ከሥር ዝጊና ቀይሪው፣ ሁለት ዶላር አያወጣም አለኝ። በጠቅላላው ክር ውስጥ ይህን ያህል የጠቀመኝ ምክር የለም።

8ኛው 5ኛዋን ይዞ ሌላ ቦታ ሄደ። ሰውነት አይዋሽም፤ ስለዚህ የምትዋሹት እናንተ ናችሁ አለን። ሴቶች ወደውት ጨዋ ለመምሰል ይክዳሉ፣ እኛ ወንዶች ቢያንስ እውነቱን እንናገራለን ነው ነገሩ። ክሩ መጀመሪያ የጋለው እዚህ ላይ ነው።

9ኛዋ አዲስ አበባ ያለች ነርስ ናት። ሰው ሲኮረኩሩት ይስቃል፤ ደስ ብሎት ነው እንዴ ብላ ጀመረች። ሜሪዲት ቺቨርስ የተባለች ካናዳዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ2010 ያወጣችውን አስታወሰች። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው፣ ሰውነት የሚያሳየውና ሰው ስለ ስሜቱ የሚናገረው ምን ያህል እንደሚገጥም አሰሉ። 1 ማለት ልክክ ማለት ነው፤ 0 ማለት አይተዋወቁም። ወንዶች ላይ 0.66 ሆነ፤ ሴቶች ላይ 0.26። ሴት ትዋሻለች ማለት አይደለም። የሰውነት መልስና መፈለግ ሁለት ነገር ናቸው ማለት ነው። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረች፤ ድምጿ የተቀየረ መሰለኝ። ተደፍረው ወደ እሷ ከሚመጡት አንዳንዶቹ፣ ሰውነታቸው መልስ ስለሰጠ ብቻ ራሳቸውን ይወቅሳሉ። ሰውነት አይዋሽም የሚለው አባባል እነሱ ጆሮ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አስበህ ታውቃለህ ብላ ጠየቀችው።

10ኛው ራሱ 8ኛው ነው። ሁሉን ነገር ወደ መደፈር ትወስዱታላችሁ ብሎ ተቆጣ። 11ኛው ረጋ በል ወንድሜ አለው። እሱም ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

12ኛዋ የሲኒማ ተማሪ መሆኗ ከአጻጻፏ ያስታውቃል። ትንሽ ረዘመባት፤ እኔ ግን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ነገሩ ከጅምሩ ነው የተበላሸው ትላለች። ከ1900ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1960ዎቹ ድረስ የወሲብ ፊልም ማለት አጭር፣ ድምፅ አልባ፣ በድብቅ የሚዞር ነገር ነበር። የሚታየው በወንዶች ክለብ፣ በወንዶች ግብዣና በሴተኛ አዳሪዎች ቤት ነው። ክፍሉ ውስጥ ሴት ተመልካች የለችም። ፊልሙም የሚያናግረው ያንኑ ክፍል ነው። በ1970ዎቹ ሲኒማ ቤት ገባ፣ ቀጥሎ በቪዲዮ ክር ቤት ገባ፣ አሁን ስልክ ውስጥ ገባ። ካሜራው ግን ከዚያ ክፍል አልወጣም። እዚህ ላይ በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ስታስተምር የነበረችውን የፊልም ምሁር ሊንዳ ዊልያምስን ጠቀሰች። በ1989 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ይህ ዓይነቱ ፊልም ለዓይን ማስረጃ ይራባል ትላለች። የወንድ እርካታ ለካሜራ ይታያል። የሴት እርካታ አይታይም፤ ብትጮህም ማን ያረጋግጣል? ስለዚህ የወንዱ ፍጻሜ የፊልሙ ፍጻሜ ሆነ። የሙያው ሰዎች «መኒ ሾት» የሚሉት እሱን ነው። እሱ ከታየ ፊልሙ አለቀ። እሷ የት ደርሳ እንደነበር የሚጠይቅ የለም።

13ኛው ያደገው አዲስ አበባ ነው፤ 12ኛዋን ሲያነብ ሰፈሩ ትዝ ብሎታል። ቪዲዮ ቤት የነበረበትን ዘመን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ቀን ቀን የሕንድና የካራቴ ፊልም። ማታ ማታ ደግሞ መጋረጃው ጥብቅ ይላል፣ ሒሳቡ ይጨምራል፣ ባለቤቱ ክሩን ይቀይራል። አግዳሚ ላይ የሚደረደረው ጎረምሳ ብቻ ነው። ሴት ልጅ በዚያ በር ብታልፍ እንኳ ስሟ ይነሳል። ወሲብ ምን እንደሚመስል መጀመሪያ ያየሁት ሴት በሌለችበት ክፍል ነው አለ። ከዚያ ትዳር ይዞ፣ ያየውን ነገር ለሚስቱ ሲያሳያት ለምን እንደከፋት ለዓመታት አልገባውም ነበር። ይህን ለማመን ድፍረት ይጠይቃል። 12ኛዋ የነገረችን የፈረንጆቹ ክፍልና የእሱ ቪዲዮ ቤት አንድ ዓይነት መሆናቸው ገረመኝ።

15ኛዋን ስለማልረሳት ትንሽ ልቆይ። አረብ አገር ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። የትኛው አገር እንደሆነ ተናግራለች፤ እኔ አልናገርም። ከእነዚህ ፊልሞች መካከል የቤት ሠራተኛ ተብለው የሚሠሩ አሉ። ጥቁር ቀሚስ፣ ነጭ ሽርጥ፤ ትጠርጋለች፣ አሠሪው ይገባል። ጓደኞቿ ስልክ ላይ እያዩ ሲስቁ እሷ ተነስታ ወጣች። እሷ የምታውቀው አሠሪ ወደ ክፍሏ የሚመጣው ሌሊት ነበር፤ ክፍሏ ደግሞ ቁልፍ አልነበረውም። ማታ ማታ አልጋውን ገፍታ በሩ ላይ ታስጠጋ ነበር። ፊልሙ ውስጥ ያለችው ሴት ትስቃለች። እሷ ግን ሌላ ነገር ነው የምታየው። ሴትዮዋ ደህና ናት? ደሞዟን ይከፍላታል? እምቢ ብትል የት ትሄዳለች? እንዲህ እያሰቡ ስሜት ከየት ይመጣል ብላ ጨረሰች። ምን እንደደረሰባት አልጻፈችም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

16ኛዋ አንድ መስመር ብቻ ናት፤ አይዞሽ እህቴ ትላለች። ከዚያ ለአንድ ቀን ተኩል ማንም ምንም አልጻፈም።

ያን ዝምታ የሰበረው 17ኛው ነው፤ ከላይ ያለውን ያነበበ አይመስለኝም። ጥያቄሽ ራሱ ስህተት ነው አለኝ። ፖርንሀብ የተባለው የወሲብ ፊልም ድረ ገጽ በ2019 ካወጣው ዘገባ ጎብኚዎቹ 32 በመቶ ሴቶች እንደሆኑ ጠቅሶ፣ ከሦስት አንድ ሴት ከሆነ የት አለ አይማርክም የምትይው አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። 18ኛዋ ግን ሁለት ነገር መለሰች። አንደኛ፣ ቁጥሩ የድርጅቱ የራሱ ነው፤ የሱቁ ባለቤት ደንበኛዬ ብዙ ነው ሲል እንደመስማት ነው። ሁለተኛ፣ ሴቶቹ ገብተው ምን እንደሚያዩ እዩ። ያው ድርጅት ሴቶች በብዛት የሚመርጡት ሴት ከሴት ጋር የሆነችበትን እንደሆነ ደጋግሞ ጽፏል። ብዙዎቹ ከወንድ ጋር የሚኖሩ ሴቶች ሳይሆኑ አይቀሩም። ለምን? እሷ እንደምትገምተው፣ እዚያ ቢያንስ ሴቷ ምን እንደተሰማት ካሜራው ዞር ብሎ ያያል፤ የሚጣደፍም የለም።

19ኛው በዚህ ተቃጠለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣውን የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 640 ጠቅሶ፣ ጸያፍ ነገር መሥራትና ማሠራጨት እንደሚያስቀጣ አስጠነቀቀን። ሕጉ አለ፤ ልክ ነው። እዚህ ግን ያወራን እንጂ ያሠራጨ የለም። ይልቅ ስድብ ስለቀላቀለ ሦስት ሰዎች ተባብረው ዝም አሰኙት።

21ኛዋ የ18ኛዋን ግምት በቁጥር ደገፈች። በ2018 የታተመ የካናዳ ጥናት በፖርንሀብ ብዙ የታዩ 50 ቪዲዮዎችን አንድ በአንድ መረመረ። ወንዶቹ እርካታ ላይ ሲደርሱ የታዩት በ78 በመቶው ነው። ሴቶቹ በ18.3 በመቶው ብቻ። የሚያስቀው ትወና መሆኑ ነው። ለትወናም ቢሆን ጊዜ አልሰጧትም። 21ኛዋ ሦስት የሳቅ ምልክት ነው ያስከተለችው፤ እኔ ግን ያን ያህል አላሳቀኝም።

22ኛው ተስፋ ሊሰጠን ፈልጎ፣ ካንዲዳ ሮያል የምትባል ሴት በ1990ዎቹ ለሴቶች የሚሆን ፊልም ጀምራ ነበር አለ። 23ኛዋ አረመችው። 1984 ነው፣ ኒው ዮርክ ውስጥ። ከውጭ የመጣች ሴትም አይደለችም። እሷ ራሷ በ1970ዎቹ በእነዚህ ፊልሞች ትተውን ነበር። ሁሉን ከውስጥ ስላየችው ነው የራሷን ድርጅት ያቋቋመችው። ያን መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ሾት አወጣችው። መሳሳሙን፣ መነጋገሩን፣ መዳሰሱን አስረዘመችው። ባልና ሚስት ሳሎናቸው ተቀምጠው እንዲያዩት ነው ያሰበችው፤ ጊዜውም ቪዲዮ ማጫወቻ በየቤቱ የገባበት ነበር። ያ ባይሆን ሴቶቹ ያን ዓይነት ሲኒማ ቤት ገብተው አያዩላትም ነበር። በ2015 ነው ያረፈችው።

24ኛው ስቶክሆልም ነው የሚኖረው፤ ስዊድኖቹ ደግሞ መንግሥት አስከፈሉ አለ። በ2009 ሚያ ኤንግበሪ የምትባል የፊልም ሰው ሴቶችን አስተባብራ አጫጭር ፊልሞች፣ አብዛኞቹን በሞባይል ስልክ ካሜራ፣ አስቀረጸች። የስዊድን ፊልም ኢንስቲትዩት 500,000 ክሮነር ሰጠ። አገሩ ተንጫጫ። እሱን ያናደደው ፊልሙ ሳይሆን የግብር ገንዘብ መሆኑ ነው። ከዚህ ተነስቶ ስለ ስዊድን ግብር አራት አንቀጽ ጻፈ። አልደግመውም።

25ኛዋ መልሳ ወደ ጉዳዩ አመጣችን። ኤሪካ ለስት ስቶክሆልም ተወልዳ፣ ሉንድ የፖለቲካ ሳይንስ ተምራ፣ በ2000 ባርሴሎና የገባች ዳይሬክተር ናት። የመጀመሪያ አጭር ፊልሟን የሠራችው በ2004 ነው። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ተመልካቾች የልባቸውን ምኞት ጽፈው ይልኩላታል፤ ከዚያ መርጣ ፊልም ታደርገዋለች። 25ኛዋ ከፍላ አይታለች። ብርሃኑ ደስ ይላል፤ ወንዶቹ ፊት አላቸው አለች። ይህ አባባል ልቤ ውስጥ ቀረ። እውነት ነው፣ ያን ቅዳሜ የቧንቧ ሠራተኛውን ፊት አላስታውሰውም። ካሜራው አላሳየኝም። ያየሁት ከወገብ በታች ያለውን ነው። የሚያምር ይሁን፣ የሚስቅ ይሁን፣ እሷን በምን ዓይን እንደሚያያት ምንም አላውቅም። ለነገሩ ወንዱን ለእኔ ብለው አልመረጡትም። 25ኛዋ አንድ ቅሬታ አላት። እንዲህ ያለው በክፍያ ነው፤ ከ2006 እና 2007 ወዲህ የመጣው ነፃው ደግሞ ሁሉም ቦታ ነው። ስለዚህ ልጃገረድ መጀመሪያ የሚያጋጥማት ነፃው ነው። እሱን አይታ ይህ ነገር የእኔ አይደለም ብላ ትደመድማለች።

26ኛዋ ሁላችንንም ገሠጸችን። የተሻለ ፊልም ፍለጋ ምን ይሠራል፣ ነገሩ ጣዕም ሳይሆን ጉዳት ነው አለች። አሜሪካዊቷ የሴቶች መብት ተሟጋች አንድሪያ ድዎርኪንና የሕግ ምሁሯ ካትሪን ማኪነን በ1983 ለአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ ያረቀቁትን ደንብ አነሳች። በወሲብ ፊልም የተጎዳች ሴት ከስሳ ካሳ እንድትጠይቅ የሚፈቅድ ነበር። ምክር ቤቱ አጸደቀ፣ ከንቲባው ሻረው። በ1984 ኢንዲያናፖሊስ ተቀበለው፤ እሱንም ፍርድ ቤት የመናገር ነፃነትን ይነካል ብሎ ጣለው። በ2010 የታተመ ጥናትም ጠቀሰች፤ በብዛት ከተሸጡ ፊልሞች ከተወሰዱ 304 ትዕይንቶች 88.2 በመቶው ውስጥ አካላዊ ጥቃት ተቆጥሯል። 27ኛው በጨዋ ደንብ አንድ ማስተካከያ አቀረበ። ጥናቱ መቀመጫ መምታትንም ቆጥሯል፤ ሴቷ ተደስታ ብትታይም እንኳ። እንደ አቆጣጠሩ ቁጥሩ ይወጣል ይወርዳል። ቀጥሎ ግን ከ26ኛዋ ጎን ቆመ። በጥር 2020 የሳንዲያጎ ፍርድ ቤት ለ22 ሴቶች ወደ 13 ሚሊዮን ዶላር ፈርዷል። ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ አይወጣም ተብለው ተታልለው የተቀረጹ ወጣቶች ናቸው። ተመልካቹ ስክሪኑ ላይ የሚያየው የምትስቅ ልጅ ነው። የ15ኛዋ ጥያቄ ቅዠት አይደለም አለ። ሴትዮዋ ደህና ናት ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

28ኛዋ እናቷን ይዛ መጣች፤ ክሩም ከዚህ በኋላ መንገዱን ሳተ። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር እናቷ ከቱርክ ድራማ ፊት አይነሱም ነበር። ወጥ ያርራል፣ ቡናው ይገነፍላል። ሰላሳ ክፍል ሙሉ ሰውዬው ሴትዮዋን ያያታል፣ ያያታል፣ እጇን እንኳ አልነካትም። እናቷ ግን ፊታቸው ይቀላል። ሴት በዓይኗ አትነካም ያለው ሰውዬ ያኔ ቤታችን መምጣት ነበረበት አለች። 29ኛው ግን ቃና የአገር ውስጥ ፊልምን ገደለ ብሎ ተነሳ። 30ኛዋ መጀመሪያ ጥሩ ፊልም ሥሩና እናያለን አለችው። ያን ጊዜ የአገራችን አርቲስቶች ያሰሙትን አቤቱታ ሁሉ አንስተው ተፋጩ። 31ኛው በመሐል ገብቶ፣ ቱርክን ምን አመጣው፣ አዝማሪ አይደለም ወይ ሰሙን ለጉባኤው ወርቁን ለአንዷ ሴት የሚወረውረው አለ። ጥሩ ነበር። ማንም አልሰማውም እንጂ።

32ኛው አስደነገጠኝ። 2ኛው አባት ተመለሱ። ለካስ አልተቀየሙም፤ ሁሉንም እያነበቡ ነበር። የዓይናቸው ነገር ስለሆነ በቀን ሁለት ሁለት ነው የሚያነቡት። በትዳር 41 ዓመት ኖረዋል። ባለቤታቸውን ምን ደስ እንደሚላት አንድም ቀን ጠይቀዋት አያውቁም። ባለፈው ሐሙስ ማታ ጠየቋት። ዝም አለች። ቆይታ ይህን ማን አስተማረህ አለቻቸው። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ልጆች ናቸው አሉ። እንደ ገና ዝም አለች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞር ብላ ተኛች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጠዋት ቁርስ ላይ፣ ፋሲካ ይድረስና እነግርሃለሁ ብላቸዋለች። ጥቂት ሳምንት ቀረን ብለው ነው የጨረሱት።

34ኛው የቨርጂኒያው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ስለ ፊልም አንድ ቃል አልጻፈም። ቧንቧሽ እንዴት ሆነ ይላል።

እዚሁ ልመልስለት። ባለቤቴ ባለፈው እሑድ ጎሚኒውን ገዛ። እጅጌውን ሰብስቦ ከሥር ገባ። መጀመሪያ የተሳሳተ መጠን ነበር፤ ተመልሶ ሄዶ ቀየረ። ከፀጉሩ ውሃ ይንጠባጠባል፤ መፍቻውን በጥርሱ ይዞ ባትሪውን ወደ ላይ ያበራል። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ልጆቹ ጎረቤት ነበሩ። እኔ በሩን ተደግፌ አየሁት፤ ሳቄም አልመጣም።